የአዲስ አበባ ጭስ አዲስ ዓለም ላይ

ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም፣ ሊያዛውሩ የተነሡት በ1893 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ምክንያቱ ማገዶ ነበር። አዲስ አበባ ዙሪያዋን መንጥራ ጨርሳ ነበርና። ቤተ መንግሥቱ እየተሠራ ሳለ ባሕር ዛፍ ለከተማዋ ደረሰላት፤ የአዲስ ዓለሙ ግንባታም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። ቀውሱን የፈታው የነዋሪው ገቢ ማደጉ ሳይሆን ሌላ ማገዶ በቅርብ መገኘቱ ነው። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ዛሬ ስለ አየር ብክለት የሚነገረው ትልቁ ተስፋ በተቃራኒው አሳብ ላይ የቆመ ነውና።

ተስፋው የመጣው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ ግሮስማንና ክሩገር ካቀረቡት ጥናት ነው፦ ገቢ ሲያድግ ብክለት መጀመሪያ ይጨምራል፣ ኋላ ይቀንሳል። አዲስ ዓለም ባለችበት በምዕራብ ሸዋ መንገድ ላይ ግን ሌላ ነገር ይታያል። ገጠሩ እንጨትና ኩበት ያነዳል፤ ከተሜው አቅም ሲያገኝ ወደ ከሰል ይሻገራል፣ እንጀራውንም በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰሉ ይመለሳል። አፉ በቅጠል ተደፍኖ በገመድ የተጠፈረው የከሰል ማዳበሪያ ከተማ ሲደርስ ብዙ አይጨስም፤ ምክንያቱም ጭሱን እዚያው አፈር ለብሶ በከሰለበት ቦታ ጨርሶ መጥቷል። እንጨቱ ከያዘው ኃይል ከግማሽ በላዩ የሚባክነውም እዚያው ነው። የከተማው ሳሎን ጠራ፤ ጭሱን የሚስበው ከሰል አክሳዩና ጎረቤቱ ነው።

ሲሚንቶም ከዚህ አይለይም። ሙገር ላይ ፋብሪካ የቆመው በደርግ ዘመን ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን የማምረት አቅም ያለው የዳንጎቴ ፋብሪካ ተጨመረ፤ ሆለታ አጠገብ ደግሞ ሐበሻ ሲሚንቶ አለ። ፎቁ የሚቆመው በአብዛኛው ሌላ ቦታ ነው። ደመወዙና ግብሩ እዚህም ይደርሳል፣ አይካድም፤ የአቧራው ወጪ ግን በኩንታሉ ዋጋ ውስጥ የለም።

ጠንካራው ተቃውሞ ከሳተላይት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ባለው የአፍሪካ ክፍል፣ ኢኮኖሚው እያደገም ቢሆን፣ በበጋ ወራት የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ መጠን መቀነሱን አሳይቷል። ማስረጃው እውነተኛ ነው። የቀነሰው ግን በዋናነት የሣር ምድር ቃጠሎ ነው፤ ሜዳው እየታረሰ ሲሄድ የሚነድ ሣር ይጠፋል። የምዕራብ ሸዋ ደጋ ግን ዱሮም የታረሰ ነው፤ ጭዱ ለከብት ነው፤ የሚነድለት ሰፊ ሣር ስለሌለው ከዚያ ትርፍ አይካፈልም። «አውሮፓም በጭስ ነው ያደገው» የሚለው ሙግትም ለንደንን ይረሳል፤ ያ ባለጸጋ ከተማ በ1952 (እ.ኤ.አ.) በጭስ ታፍኖ ሺዎች ከሞቱ በኋላ አየሩን ማጥራት የጀመረው በ1956ቱ ሕግ ነው።

እኛም ጋ እንዲሁ ፖሊሲ ሠርቷል። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ጉድለቱ ሁለቱም ያነጣጠሩት ጉምሩክ በር ላይ መሆኑ ነው፤ በአምቦ መስመር የሚመላለሰውን አሮጌ አይሱዙ አይነኩም፣ የጊንጪን ማድቤትማ ጭራሽ። በጳጉሜን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኃይል አመጣ እንበል፤ አንድ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፣ ሠፈሩ በአንድ ጠዋት እንጀራ ቢጋግር የትንሽ ከተማ ትራንስፎርመር አይችለውም። ለኤሌክትሪክ መኪና አስመጪ ከሚታሰበው የቀረጥ ምሕረት ጥቂቱ ለዚያ ትራንስፎርመር ቢውል፣ በአንድ ብር የሚቀነሰው ጭስ የሚበልጥ ይመስለኛል።