ከሊማሊሞ ቁልቁለት በፊት፦ የአሮጌ መኪና የፍሬን ቱቦን በቤት ስለ መቀየር



የዛሬው ገለጻዬ ከዶክትሬት ጥናቴ ጋር የሚያገናኘው ነገር እምብዛም የለውም። እዚህ ያቆመኝ በእጄ የያዝሁት፣ ክንድ የሚያህል፣ ዝገት የበላው ይህ ቱቦ ነው።

ባለፈው መስከረም አራት ተማሪዎችን ለመስክ ሥራ ይዤ ከደባርቅ ወደ ድብ ባሕር ስወርድ፣ ሊማሊሞ አጋማሽ ላይ የፍሬኑ መርገጫ ከእግሬ ሥር ሰመጠ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች ላንድ ክሩዘር ናት። ያተረፉን ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በሁለተኛ ማርሽ መውረዴና የፍሬኑ ዘይት መስመር ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ተለያይቶ መሠራቱ። የኋላው ቱቦ ቢፈነዳም የፊቱ፣ መርገጫው ወለሉን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ያዘ። ወርደን ስናይ የኋላ ቀኝ ጎማው ውስጠኛ ጎን በዘይት ርሶ ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው። ከሳምንት በፊት ዘይቱ መጉደሉን አይቼ፣ ሞልቼ ዝም ብያለሁ። የፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ ወይ ሸራው ሳስቷል፣ ወይ አንድ ቦታ ይፈስሳል።

ይህን መንገድ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ያሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። የጋራዥ ቋንቋችንንም ያወረሱን እነርሱ ናቸው፤ ፍሬን፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ሞርሳ የምንላቸው ሁሉ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ወደ ስሌቱ ልመለስ። 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ፣ የሞተሩንና የአየሩን ድርሻ ካልቀነስን፣ 24.5 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ሙቀት በ20 ዲግሪ ያለን ከ9 ሊትር የሚበልጥ ውሃ አፍልቶ ተን አድርጎ ይጨርሰዋል። በከፍተኛ ማርሽ የሚወርድ ሰው ይህን ሁሉ የሚያሸክመው ለፍሬኑ ነው።

ዘይቱ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ይወርዳል። የዶት 4 ወሰን 230 እና 155 ነው። ከፈላ ተን ይፈጠራል፤ ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፣ ተን ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ መርገጫው ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ያው ውሃ ቱቦውንም ከውስጥ ያዝገዋል።

የእኔ ቱቦ ግን የተበላው ከውጭ ነው። በረዶ በሚበዛባቸው አገሮች መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የፍሬን ቱቦን ይጨርሳል። እኛ ዘንድ ጨው ባይኖርም ጭቃ አለ። ቱቦውን ከሻሲው ጋር በሚይዘው ማቀፊያ ሥር የክረምት ጭቃ ይገባና እስከ በጋ እርጥበት ይዞ ይቆያል። የቀረው የቱቦው አካል ደኅና መስሎ ሳለ በዚያች ቦታ ብረቱ እንደ ወረቀት ይሳሳል። ስለዚህ ስትመረምሩ ማቀፊያዎቹን ፍቱ።

በቤቴ ለመሥራት የወሰንሁት አንድ ባለሙያ የፍሪጅ መዳብ ቱቦ ላስገባልህ ባለኝ ጊዜ ነው። ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት 2 ወይም 3 ባር ነው፤ ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ግን ቱቦው ውስጥ 100 ባር አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ንጹሕ መዳብ በንዝረት ብዛት እየደረቀ ይሰነጠቃል። ለፍሬን የተሠራ የብረት ቱቦ ወይም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ግዙ፤ ቅይጡ በእጅ ይታጠፋል፣ ዝገትም አይደፍረውም። የተበላሸውን ክፍል ብቻ ቆርጦ መቀጠልም አልመክርም፤ የቀረውም እድሜው ያው ነው።

መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥታችሁ ከሥሩ አትግቡ፤ ጠንካራ ድጋፍ አቁሙለት፣ ጎማዎቹንም አግዱ። ዳዶዎቹን በዋዜማው ዝገት በሚያላቅቅ ዘይት አርሷቸው። ከስድስቱ ጎኖቻቸው አምስቱን የሚይዝ ቁልፍ ተጠቀሙ፤ ተራው ቁልፍ ያላልቃቸዋል። አሮጌው ቱቦ መለኪያችሁ ስለሆነ ሳታጣምሙ አውጡት።

ከባዱ ሥራ የቱቦውን አፍ መክፈት ነው። ጫፉ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፣ ስለቱ ይሞረዳል፣ ከዚያም በመክፈቻው ወደ ውጭ ተከፍቶ እንደገና ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ከንፈሩ ድርብ ይሆናል ማለት ነው። ነጠላ ከንፈር ይሰነጠቃል። በብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ያለው የእንጉዳይ ቅርጽ አፍ ደግሞ፣ ጥርሱ ቢገጥም እንኳ፣ በላንድ ክሩዘር መቀመጫ ላይ አያርፍም። ዳዶውን አፉ ከመከፈቱ በፊት ማስገባት እንዳትረሱ። እኔ ሁለት ጊዜ ረስቼ ሁለት ጊዜ ቆርጫለሁ። በቁርጥራጭ ላይ ስድስት ያህል ከተለማመድሁ በኋላ ነው እጄ ያመነልኝ።

ከገጠማችሁ በኋላ ማቀፊያዎቹን ሁሉ መልሱ፤ ያልታቀፈ ቱቦ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አየሩ ይወጣል፤ ከማስተሩ ከሚርቀው የኋላ ቀኝ ጎማ ጀምሮ፣ ወደ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ። የጭነት መቆጣጠሪያው የራሱ ማስተንፈሻ ካለው እርሱም አይዘለልም። ባለቤቴ መርገጫውን ረግጣ «ያዝሁ» ስትለኝ ማስተንፈሻውን እከፍታለሁ፤ እስክዘጋው ድረስ እግሯን አታነሣም። በአሮጌ ማስተር ላይ እስከ ወለሉ መርገጥ አይገባም፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያልተለመደው ቦታ ዝገት ስላለበት ጎማውን ይቀድደዋል። ከመርገጫው ሥር እንጨት አድርጌበት ነበር። የዘይት ማጠራቀሚያውም በመካከሉ ባዶ እንዳይቀር ተጠንቀቁ፤ አየር ከገባ ሥራው ከመጀመሪያ ይጀመራል።

ሲያልቅ ሞተሩን አስነሥቼ መርገጫውን አንድ ደቂቃ ሙሉ በኃይል ይዤ ቆየሁ፤ አልሰመጠም። ቀጥሎ በግቢው ውስጥ፣ ቀጥሎ በጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ሞከርሁ። በመጨረሻ ብቻዬን በዝቅተኛ ማርሽ ሊማሊሞን ወረድሁ። ድብ ባሕር ላይ ቆሜ፣ ከመኪናዋ ሥር ተጋድሜ፣ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በነጭ ወረቀት ጠረግኋቸው። አቧራ እንጂ ዘይት አልነበረባቸውም። ተማሪዎችን እንደገና የጫንሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።