ጣና ዳር ቱና

ባሕር ዳር ተቀምጦ የታሸገ ዓሣ መብላት ላም አስሮ የዱቄት ወተት እንደ መግዛት ነው። ሐይቁ እዚህ፣ ጀልባው እዚህ። ጠዋት ወደ ውኃው ዳር ብቅ ያለ ሰው ገና የሚንፈራገጥ ቀረሶ ዓሣ ያያል፤ ወዲያው ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆዱ ተጠርጎ፣ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ የፈላ ዘይት ውስጥ ይገባል፤ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር ይቀርባል። እንዲህ ባለ ከተማ ሱቅ ገብቶ «ሰርዲን ስጠኝ» ማለት ትንሽ ያሳፍራል። እኔ ግን ማለት ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ። ዛሬ የማስተዋውቃችሁም ይህንኑ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ነው።

እኛ ዘንድ የታሸገ ዓሣ ክብር የለውም። የተማሪ ምግብ ነው፣ ወይም የቸኮለ ሰው ሳንዱች። ቱናው ይከፈታል፣ ዘይቱ ይደፋል፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይከተፍበታል፣ ዳቦ መሐል ይገባል፤ አለቀ። ስፔን ውስጥ የዚሁ ቆርቆሮ ማዕረግ ሌላ ነው። እዚያ ጥሩ የታሸገ ዓሣ እንግዳ ሲመጣ የሚከፈት፣ ዋጋውም ከትኩሱ ዓሣ ሊበልጥ የሚችል ነገር ነው። መጠጥ ቤት ገብቶ ቢራ ላዘዘ ሰው ሰርዲኑ ከነቆርቆሮው፣ ከዳቦና ከስቴኪኒ ጋር ቢቀርብለት እንደ ስድብ አይቆጥረውም። እንዲህ ያለውን ትንንሽ ማጣጣሚያ ታፓስ ይሉታል። ታፓ ማለት ክዳን ማለት ነው፤ ዝንብ እንዳይገባ ብርጭቆ ላይ ከሚደፋ ቁራሽ የመጣ ስም ነው ይባላል። ለእኛ ሰው ለማስረዳት ግን ብዙ ወሬ አያስፈልግም፤ የቡና ቁርስ ነው፣ ለመጠጥ የተሠራ። ቆሎ ይዞ ጠላ የጠጣ ሁሉ ነገሩ ገብቶታል። ዋናው ነገር መጥገብ አይደለም፤ ጨዋታው እንዳይቋረጥ እጅ የሚሄድበት ነገር ማግኘት ነው።

ስፔንና ጣና ከተዋወቁ ቆይተዋል። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ካህን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1618 ግሽ ዓባይን አይቶ ጽፎ፣ በ1622 ከሐይቁ በስተ ሰሜን ጎርጎራ ላይ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ሰርዲን ግን ሊያመጣልን አይችልም ነበር፤ ምግብን በሙቀት አሽጎ ማቆየት የተገኘው ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፐር ምግብን ጠርሙስ ውስጥ ዘግቶ በፈላ ውኃ እየቀቀለ የማቆየቱን ዘዴ በ1810 በመጽሐፍ አወጣው። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ፒተር ዱራንድ በቆርቆሮ የማሸግን ባለመብትነት አገኘ። ምግቡ ለምን እንደማይበላሽ ሁለቱም አያውቁም ነበር፤ ፓስተር የጀርሞቹን ነገር ያስረዳው ከእነርሱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ነው።

ሥራው ዛሬም ያው ነው። ሰርዲኑ ራሱ ይቆረጣል፣ ሆዱ ይጠረጋል፣ በእንፋሎት ይበስላል ወይም ይጠበሳል። ከዚያ በእጅ፣ አንዱ ራስጌ አንዱ ግርጌ ሆኖ ይደረደራል፣ ዘይት ይሞላበታል፣ ይታሸጋል፣ ታሽጎም ከውኃ መፍያ በላይ በሆነ ሙቀት እንደገና ይበስላል። አጥንቱ እንደ ቅቤ የሚለሰልሰው በዚህ ነው። ጥሩ ሰርዲን ቆርቆሮው ውስጥ ሲከርም ዘይቱን እየጠጣ ይጣፍጣል፤ ቀን ጽፈው፣ በየጊዜው እየገለበጡ ለዓመታት የሚያስቀምጡ ወዳጆች አሉት።

አንቾቪ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሳት አይነካውም። በስፔን ሰሜን በካንታብሪያ ባሕር በጸደይ የሚያዘው ይህ ጣት የሚያህል ዓሣ ጨው ውስጥ ተደርድሮ፣ ክብደት ተጭኖበት ወራት ይቀመጣል። የሳንቶኛን ከተማ በዚህ ሙያ ያስጠሯት በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከሲሲሊ የመጡ ጣሊያኖች ናቸው፤ ከመካከላቸው ጆቫኒ ቬላ የተባለው ዓሣውን ከአጥንቱ ለይቶ በዘይት ማሸግ ጀመረ። እሳት ስላልነካው ቆርቆሮው ቢታሸግም ፍሪጅ ይፈልጋል። ይህን ሳላውቅ አንዱን ቆርቆሮ ከምስር ጎን መደርደሪያ ላይ አክርሜው አበላሽቻለሁ።

በስፔን ሰሜን ምዕራብ በጋሊሲያ ደግሞ ከተንሳፋፊ መደብ በተንጠለጠለ ገመድ ላይ የሚያድግ መስል የሚባል ዛጎል ለበስ እንስሳ አለ። ጠብሰው በኮምጣጤ፣ በዘይትና ፒሜንቶን በሚሉት የተፈጨ ቀይ በርበሬ ያሽጉታል። ፒሜንቶን የበርበሬያችን የአጎት ልጅ ነው፤ ሁለቱም ዘራቸው ከአሜሪካ የተሻገረ ነው። ቆርቆሮው ላይ 8/12 የሚል ቁጥር ካያችሁ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ፍሬ አለው ማለት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ከውጭ ያመጣልኝን ሁለት ቆርቆሮ፣ አንድ ሰርዲንና አንድ መስል፣ ከፍቼ ጎረቤቴን እትዬን ለቡና ጠራሁ። ዳቦ ቆርሻለሁ፣ ሎሚ ሰንጥቄያለሁ፣ ቃሪያ አለ። እትዬ መስሉን አዩትና፣

«ይኼ ቅርፊት አለው?» አሉ።

«የለውም እትዬ።»

«ክንፍስ?»

«እሱም የለውም።»

ሳህኑን በአንድ ጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ያለው ይኸው ነው፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ እንስሳ አይበላም። ሰርዲን፣ ቱናና አንቾቪ ፈተናውን ያልፋሉ፤ መስልና ኦክቶፐስ ይወድቃሉ። የጣናው ዓሣ አምባዛም በዚሁ ሕግ ከብዙ ሰው ገበታ ርቋል። እርሱ ተዘልዝሎ፣ ደርቆ፣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገር ኖሯል። የእኛ ቆርቆሮ ፀሐይ ናት ማለት ነው።

ታዲያ የጣናን ዓሣ ለምን አናሽግም? ይህን የሚጠይቀኝ ብዙ ሰው ነው። ለማሸግ በአንድ ጊዜ ብዙ ዓሣ ያስፈልጋል፤ የባሕሩ ሰርዲን በመንጋ እየመጣ ይህን ያሟላል። እኛ ዘንድ በመንጋ የሚመጣው ነጭ ዓሣ ነው፤ እርሱም ቢሆን መንጋ የሚሆነው በክረምቱ፣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሲወጣ ነው። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ እርሱን መጠበቅ ምጥ የያዛትን ሴት በር ላይ እንደ ማድባት ነው። ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 እና በ2001 መካከል የነጭ ዓሣ ብዛት በጣም ማሽቆልቆሉን መዝግበዋል፤ አንዱ ምክንያት ይኸው አጠማመድ ነው። ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ዝርያዎች አብዛኞቹ ደግሞ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ስለዚህ ፋብሪካው ይቅርብን። ቀረሶውን ትኩሱን እንብላ፤ የታሸገ ሲያምረን የሩቁን ባሕር እንግዛ።

ስትገዙ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። ዓሣ፣ ዘይት፣ ጨው፤ ከዚህ የረዘመ ዝርዝር አያስፈልግም። ሁለት ክብደት ተጽፎ ካገኛችሁ ትንሹን እመኑ፤ ዘይቱ ተጠልሎ የሚቀረው ዓሣ እርሱ ነው። ያበጠ ቆርቆሮ አይከፈትም፣ ይጣላል። ሰርዲኑን አታሙቁት። የእኛው ሱቅ ሰርዲን ከስፔኑ ባይደርስም ሎሚ ጠብ አድርጋችሁ፣ በሚጥሚጣ ጫፍ ነክታችሁ በተጠበሰ ድፎ ዳቦ ላይ ብታስቀምጡት አያሳፍርም። ስፔናውያን ወይራ፣ ኮምጣጤ የጠጣ ቃሪያና አንቾቪ በአንድ ስቴኪኒ ሰክተው ሂልዳ ይሉታል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 የወጣ ፊልም ስም ነው። እኔ በወይራው ፈንታ ትንሽ የተቀቀለ ድንች እሰካለሁ፤ ስፔናዊ አይየኝ እንጂ ይጥመኛል።

ያን እሑድ እትዬ ሰርዲኑን ሁለት በልተው ሦስተኛውን ሲያነሱ እኔ ቆርቆሮውን ልደፋው ብድግ አልኩ።

«ዘይቱን ልትደፋው ነው?» አሉኝ፤ መልስ ሳይጠብቁ ከእጄ ተቀብለው ዳቧቸውን አጠቀሱበት።