የመተማ በርና የመሪዎች ሚዛን
የጠረፍ በር ሲዘጋ ጥይት ያልነካው ቤትም ይጎዳል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሱዳን ሰባት ወታደሮቿና አንድ ሲቪል በኢትዮጵያ ጦር ተገደሉብኝ ብላ ከሰሰች፤ ኢትዮጵያ ክሱን አስተባበለች። ካርቱም ከመተማ ጋር የሚያገናኘውን የገላባት መሻገሪያ ዘጋች። ወቅቱ ግን የገዳሪፍ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበት ክረምት ነበረ፤ ያም ሰፊ እርሻ ከኢትዮጵያ የሚሻገረውን የጉልበት ሠራተኛ ክንድ ይሻል። ስለዚህ ቅጣቱ የቀጪውንም ጎተራ የሚነካ ነበረ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ጄኔራል አብዱልፈታሕ አል ቡርሃን ናይሮቢ ላይ ተገናኝተው ተነጋገሩ፤ በሐምሌም በሩ ተከፈተ። የአልፋሽጋ የወሰን ውዝግብ ግን አልተፈታም ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ፣ ከእሳቱ የሸሹ እናቶችና ሕፃናት በዚያው በር ገቡ። ውድ አንባብያን፣ መሪ ሲመዝን ከጠመንጃው ጎን የቤተሰብን እንጀራ ማኖር እንዳለበት እናምናለን።