የጦስኝ «ባዝ ቦምብ» እና የእናቴ እግር



ሰሞኑን ኢንቦክሴን የሞላው ጥያቄ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም። «ዶክተር፣ ቲክቶክ ላይ ያየሁትን ባዝ ቦምብ ቤቴ ልሠራው ነው፣ የትኛውን ዘይት ልጨምርበት?» የሚል ነው። ልመልስ ብዬ ስልኬን ባነሳሁ ቁጥር እጄ ይከብደኛል። ለምን እንደሆነ ዛሬ ልንገራችሁ።

ለማታውቁት፣ ባዝ ቦምብ ማለት መታጠቢያ ውሃ ውስጥ ሲጣል እየተንፈቀፈቀ የሚሟሟ፣ ሽታ ያለው ድቡልቡል ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የፈለሰፈችው ሞ ኮንስታንቲን የምትባል እንግሊዛዊት ናት። ሥራው ቀላል ነው። ቤኪንግ ሶዳ እና ሲትሪክ አሲድ ደረቅ እንደሆኑ አብረው ቢቀመጡ ምንም አይሉም። ውሃ ሲነካቸው ግን ይዋሃዱና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። አምቦ ውሃ ስትከፍቱ ሽው የሚለው ያው ጋዝ ነው። በሽታ አያወጣም፣ «መርዝ አይስብም»። ደስ ይላል፣ በቃ።

እኔም አምና ከገና በፊት ከ11 ዓመት ልጄ ጋር ሠርቼዋለሁ። ቤታችን ውስጥ የሚተኛበት ገንዳ የለም፤ ለእግር ሳፋ ይበቃል ብለን ነው። 200 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ፣ 50 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት። (ስትገዙ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጧችሁ፣ እሱ ሌላ ነው። «ሶዳ» ብላችሁ ብቻ ጠይቃችሁ ኮስቲክ ሶዳ ይዛችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ወሬው የቃጠሎ ነው።) ደረቁን መጀመሪያ ታዋህዳላችሁ፣ ብናኙ ዓይንና አፍንጫ ስለሚያቃጥል መስኮት ክፈቱ። ከዚያ ዘይቱን፣ በመጨረሻ ውሃ በጣት እያርከፈከፋችሁ፣ በጣም ትንሽ። ስትጨብጡት እንደ በሶ ጭብጦ ከያዘ በቃው። ውሃ ከበዛበት እዚያው ሳህኑ ላይ ፈልቶ ያልቃል፤ የእኛ የመጀመሪያው እንደዚያ ነው የሆነው። አድቦልቡላችሁ አንድ ቀን ሙሉ ታደርቁትና ክዳን ያለው ደረቅ ብልቃጥ ውስጥ ታኖሩታላችሁ። በክረምት ባትሞክሩት ይሻላል፣ እርጥበቱ ይጫወትበታል።

ለሽታው ልጄ የባህር ዛፍ ዘይት ልታንጠባጥብ ስትል እጇን ያዝኳት። የጨመርነው እናቴ ከመካነ ሰላም የላከችልንን ጦስኝ ነው፣ ደቆ የተነፋ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ። ቦረና ላደገ ሰው ጦስኝ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያ ደጋ ከሣሩ ጋር ተሰበጣጥሮ ይበቅላል፣ ስትረግጡት ነው ሽታው የሚነሳው። በሻይም በሽሮም እናውቀዋለን። ከኢትዮጵያ ውጪ በተፈጥሮ የማይበቅል ዝርያ እንደሆነ ያወቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

«ቅጠሉ ከተፈቀደ ዘይቱ ለምን ይከለከላል?» ትሉኛላችሁ። ኢሴንሻል ኦይል የሚሉት መዓዛማ ዘይት የሚወጣው እንደ አረቄ ነው፤ ብዙ ቅጠል በእንፋሎት ተነጥሮ ጥቂት ጠብታ ይሰጣል። ጠላና አረቄ አንድ አይደሉም አይደል? የጦስኝ ዘይት ውስጥ ያሉት ካርቫክሮልና ታይሞል ሳይበረዙ ቆዳ ያቃጥላሉ። የጠጅ ሣር ዘይት ሲትራል አለው፣ እሱም አለርጂ ያስነሳል። ዘይት ደግሞ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ከላይ ይንሳፈፍና ቆዳችሁ ላይ እንዳለ ይለጠፋል። የግድ ካላችሁ ከላይ ለነገርኳችሁ መጠን በሙሉ ከ5 ጠብታ አይበልጥ፣ እሱንም መጀመሪያ ከሰሊጥ ዘይቱ ጋር አዋህዱት።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ሕይወት ነው። የባህር ዛፍ ዘይት ብልቃጥ ያለበት ቤት ሕፃን ካለ፣ ብልቃጡ መድኃኒት እንደሚቀመጠው ከፍ ብሎ ይቆለፍበት። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ፣ ሕፃንን ክፉኛ ሊመርዝ ይችላል። በደቂቃዎች ውስጥ ሊያደነዝዘው፣ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ጠጥቶ ካገኛችሁት አታስመልሱት፣ ሲያስመልስ ዘይቱ ወደ ሳንባው ይገባል። ወተትም አትስጡት። ብልቃጡን ይዛችሁ፣ ደህና ቢመስልም፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

እንግዲህ ልጄን ይህን ሁሉ መክሬ፣ ዘይቱን ከልክዬ፣ «ተጠንቅቀናል» ብዬ ስድስት ድቡልቡል በፌስታል ቋጥሬ ለገና አገሬ ገባሁ። ከደሴ በጉጉፍቱ፣ በአቀስታ አድርጋችሁ በታህሳስ የሄዳችሁ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ማታ ለእናቴ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ ቀድቼ አንዷን ጣልኩላት።

«ውይ! ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው፣ ያለ እሳት ይፈላል?» አለች። ሳቅን። እግሯን አጠብኳት፣ መረቀችኝ። የቀሩትን አምስቱን «ሲበርድሽ እግርሽን ዘፍዝፊበት» ብዬ ሰጥቻት ተመለስኩ።

እናቴ ስኳር ካለባት 14 ዓመቷ ነው። «እግሬን ሳነሳው ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል» ስትለኝ ከርማለች። ይህን ቃል ከታካሚ ብሰማ ወዲያው ጫማዋን አስወልቄ እግሯን እመረምር ነበር። ከእናቴ ስሰማ «እድሜ ነው እማዬ» ብያለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ሞከረችው። ቀስ እያለ ተንፈቀፈቀና «ደከመ» አለች። ልክ ናት፣ ውሃው ሲሞቅ ነው ቶሎ የሚፈላው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀን ከእሳት የወረደ ውሃ ጨመረችበት፣ ደህና አድርጎ ፈላላት፣ አቦሉ ተጠጥቶ እስኪያልቅ እግሯን አላወጣችም። ከሁለት ቀን በኋላ የጎረቤት ልጅ «እማማ፣ ካልሲሽ ለምን ረጠበ?» ብላ አወለቀችላት። በቴሌግራም የመጣልኝን ፎቶ አልረሳውም። ሁለቱም እግሮች እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ ቋጥረው፣ የቀኙ ትንሽ ጣት ቆዳው ተገፎ፣ ዙሪያው መቅላት ጀምሯል።

ደወልኩ። «አላመመኝም እኮ፣ አንተ ደግሞ» አለችኝ።

ያ «አላመመኝም» ነው ያስደነገጠኝ። ለብዙ ዓመት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእግርን ነርቭ ይጎዳል፣ ሙቀትና ሕመም የሚናገረው መስመር ይቆረጣል። እግሩ እየተቃጠለ ባለቤቱ ቡና ይጠጣል። መካነ ሰላም ከባህር ወለል በላይ 2,600 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ «የደጋ ውሃ ብዙ አያቃጥልም» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ይልጣል።

ማር ልቀባ፣ ቅቤ ልቀባ ስትል ለምኜ አስቆምኳት፤ የዚያኑ ቀን እዚያው ከተማ ሆስፒታል ሄደች። ቁስሉ እየተጠረገ፣ አንቲባዮቲክ እየወሰደች፣ ስኳሯም ተስተካክሎ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ጣቷ ተርፏል። ሰባቱንም ሳምንት ሌሊት ሌሊት የማስበው ግን ስለ ጣቷ ብቻ አልነበረም፤ ልጄን ስለ ዘይቱ ያን ያህል ስመክር ለእናቴ ስለ ውሃው አንድ ቃል አለመናገሬን ነው።

ስለዚህ ስኳር ያለባችሁ፣ ወይም ስኳር ያለባት እናት ያለቻችሁ፦ እግር አይዘፈዘፍም። ባዝ ቦምብም፣ ጨውም፣ ሎሚም፣ «ለብ ያለ» የሚባለውም ይቅር። በለብታ ውሃ ታጥቦ ወዲያው መውጣት፤ ሙቀቱንም እግሩ የደነዘዘው ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው በክርኑ ይለካው። የሕፃን ገላ የምታጥቡበት ሙቀት ከሆነ በቂ ነው። በጣቶች መካከል በደንብ ይደረቅ። ማታ ማታ መርገጫውን በመስታወት ማየት፣ አልያም ልጅ ያይላችሁ። ብርዱን በወፍራም ካልሲ ተከላከሉት፣ በእሳት ዳርም በሙቅ ውሃ ላስቲክም አይደለም።

ሌላውን በአጭሩ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ መዓዛማ ዘይቱን ተዉት። ችፌ ያለበት ልጅና አስም ያለበት ሰው ሽታ ያለው ነገር አይስማማውም። ሴቶች፣ ይህን ውሃ ሳፋ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ለብልት መታጠቢያ አታድርጉት፤ የውስጡን ተፈጥሯዊ ሚዛን ያዛባል፣ ማሳከክና ኢንፌክሽን ይከተላል። ጤነኛ እግር ያላችሁና ከሥራ ደክማችሁ የገባችሁ ግን 10 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ ክርናችሁን አስቀድማችሁ። እኔና ልጄም አሁንም እንሠራዋለን።

ለፋሲካ ስሄድ እናቴ በሩ ላይ አቀፈችኝ። ነጠላዋ ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል። የተረፉትን ሦስቱን ልብስ ሳጥኗ ውስጥ ከጣለቻቸው ቆይታለች።