ከዛፍ ልጥ የሚሸመን ልብስ፦ አንድ የመንደር ሙዚየም የአይኑዎችን ሽመና እንዴት አቆየው?

ልጥ ታውቃላችሁ አይደል? ገጠር ውስጥ አጥር ሲታጠር፣ ጎጆ ሲሠራ እንደ ገመድ የሚያገለግለው የዛፍ ቅርፊት ማለት ነው። ለማሰሪያ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ልጥን ሰንጥቆ፣ ከርሮ፣ ሸምኖ የሚለብስ ሕዝብ አለ ብትባሉስ?

አለ። በሰሜን ጃፓን፣ በሆካይዶ ደሴት የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች አይኑ ይባላሉ። ከዛፍ ልጥ የሚሸምኑት ጨርቅ ደግሞ አቱሽ ይባላል። ቀላል፣ ጠንካራና ውሃ የማይበግረው በመሆኑ በድሮ ጊዜ ለንግድ ሳይቀር ወደ ሌሎች የጃፓን ደሴቶች ይላክ ነበር። ይህ ሽመና ሊጠፋ ተቃርቦ ዛሬም አለ። ለመቆየቱ ትልቅ ድርሻ ካላቸው ቦታዎች አንዱ በቢራቶሪ ከተማ አስተዳደር ሥር ባለችው በኒቡታኒ መንደር የሚገኝ ሙዚየም ነው። እስቲ መጀመሪያ ጨርቁ እንዴት እንደሚሠራ እንይ፤ ሙዚየሙ ምን እንዳዳነ የሚገባን ያኔ ነው።

ልጥ እንዴት ክር ይሆናል?

በብዛት የሚጠቀሙት ኦህዮ የሚባል፣ በቀዝቃዛ ደን የሚበቅል ዛፍ ነው። ልጡ የሚላጠው በበጋቸው መግቢያ ላይ ነው። ለምን ያኔ? ዛፉ በዚያ ወቅት በፍጥነት ስለሚያድግ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለው ስስ ሽፋን ለስላሳና እርጥብ ይሆናል። ከታች በኩል ቆርጠው ሲስቡት ቅርፊቱ ረጅም ቀበቶ መስሎ ወደ ላይ እየተላጠ ይወጣል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዛፉን ዙሪያውን አይልጡትም፤ ከአንድ ጎኑ ብቻ ወስደው የቀረውን ይተዉታል። ምክንያቱ ባዮሎጂ ነው። ቅጠሉ የሠራው ስኳር ወደ ሥር የሚወርደው በውስጠኛው ቅርፊት በኩል ነው። ዙሪያውን ከላጣችሁት መንገዱ ይዘጋል፣ ሥሩ ይራባል፣ ዛፉም ይሞታል። አይኑዎች ይህን ያወቁት በላቦራቶሪ አይደለም፤ ከዛፉ ጋር ለብዙ ትውልድ ኖረው ነው። በእምነታቸው ዛፉ መንፈስ ስላለው ከመላጣቸው በፊት ምስጋና ያቀርቡለታል።

ከዚያ ውጫዊው ሻካራ ቅርፊት ይጣልና የውስጠኛው ይቀራል። በውስጡ ያሉት የሴሉሎስ ቃጫዎች ግን ፔክቲን በሚባል የተፈጥሮ ሙጫ ተጣብቀዋል። ሙጫው መላቀቅ አለበት። አንዱ መንገድ ልጡን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ባክቴሪያዎች ፔክቲኑን እንዲበሉት መተው ነው። ሌላው መንገድ ከእንጨት አመድ ጋር መቀቀል ነው። አመድ ውስጥ ፖታሲየም ካርቦኔት አለ፤ ውሃውን አልካላይን ያደርገዋል፣ አልካላይን ውሃ ደግሞ ፔክቲንን ያሟሟል። ሙጫው ሲለቅ አንዱ ልጥ እንደ መጽሐፍ ገጽ በብዙ ስስ ንጣፎች ይከፈላል። ንጣፎቹ ታጥበው ይደርቃሉ፣ ከዚያ በጥፍር ወደ ቀጫጭን ክሮች ይሰነጠቃሉ።

የእኛ እናቶች ጥጥ የሚፈትሉት በእንዝርት ነው። የጥጥ ቃጫ ርዝመቱ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ካልተከረረ እርስ በርሱ አይያያዝም። የልጥ ቃጫ ግን ረጅም ሆኖ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የአይኑ ሴቶች አንዱን ክር ከሌላው ጋር ጫፍ ለጫፍ በትንሽ ቋጠሮ ያያይዙታል፤ ማክረሩ የሚመጣው ክሩን ይበልጥ ለማጠንከር ነው። ይህ ሁሉ በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ክር ማዘጋጀቱ ብቻ ብዙ ጊዜ ይበላል።

መሸመኛው የሸማኔዋ ወገብ ነው

ዶርዜ ሄዳችሁ ወይም ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሸማኔ ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መርገጫውን እየረገጠ ድሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። በአቱሽ ሽመና ጉድጓድም መርገጫም የለም። ድሩ በአንድ ጫፍ ካስማ ወይም ምሰሶ ላይ ይታሰራል፣ በሌላው ጫፍ የሸማኔዋ ወገብ ላይ። መሬት ላይ ተቀምጣ ወደ ኋላ ስትል ድሩ ይወጠራል፣ ወደ ፊት ስትል ይላላል። መወጠሪያው ራሷ ናት ማለት ነው!

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ከምህንድስና አንፃር ግን ብልህ አሠራር ነው። የልጥ ክር እንደ ሱፍ አይለጠጥም። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ሳብ ብሎ አይመለስም፣ ይበጠሳል። ስለዚህ ሸማኔዋ በየቅጽበቱ ውጥረቱን በወገቧ ትለካለች፣ ታስተካክላለች። ዘመናዊ ማሽን ይህን የሚሠራው በሴንሰርና በሞተር ነው። እሷ ዘንድ ሴንሰሩም ሞተሩም አንድ አካል ነው። ማግ ከገባ በኋላ ጎራዴ በሚመስል ጠፍጣፋ እንጨት መትታ ታጠብቀዋለች።

በዶርዜዎች ባህል የሚፈትሉት ሴቶች፣ የሚሸምኑት ወንዶች ናቸው። በአይኑ ግን ሽመናው የሴቶች ሙያ ነው፤ እናት ለልጅ፣ አያት ለልጅ ልጅ እያሳየች የምታስተላልፈው።

ሰንሰለቱ እንዴት ሊበጠስ ደረሰ?

የጃፓን መንግሥት በ1869 ደሴቲቱን ሆካይዶ ብሎ ሰይሞ በቀጥታ ማስተዳደር ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰፋሪዎች በብዛት ገቡ፣ አደንና የሳልመን ዓሣ ማጥመድ ተከለከለ ወይም ተገደበ። በ1899 የወጣው ሕግ ደግሞ አይኑዎችን ገበሬ አድርጎ ከጃፓናውያን ጋር ለማዋሃድ ያለመ ነበር። ልጆች በትምህርት ቤት ጃፓንኛ ተማሩ፣ ቋንቋቸው ተዳከመ። ርካሽ የጥጥ ጨርቅ ሲመጣ ልጥ ማክረር «ለምን እደክማለሁ?» የሚያሰኝ ሥራ ሆነ።

የሽመና ዕውቀት የተቀመጠው መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም። ያለው ሦስት ቦታ ነው፦ ጨርቁ ላይ፣ መሣሪያው ላይ፣ እጅ ላይ። አሮጌ ጨርቅ ካላችሁ በአንድ ሴንቲሜትር ስንት ድር እንዳለ መቁጠር፣ ክሩ ወደ ግራ ይክረር ወደ ቀኝ ማየት፣ ከየትኛው ዛፍ እንደተሠራ በማይክሮስኮፕ መመርመር ይቻላል። መሣሪያው ካላችሁ አሠራሩን መገመት ትችላላችሁ። እጁ ከሞተ ግን «ልጡ በቃው» የሚባለው መቼ እንደሆነ፣ ወገብ ምን ያህል እንደሚወጥር የሚነግራችሁ የለም።

ሙዚየሙ ምን አደረገ?

ሺገሩ ካያኖ በኒቡታኒ በ1926 የተወለደ አይኑ ነው። ሰብሳቢዎችና ተመራማሪዎች ከመንደሩ ዕቃ ይዘው ሲሄዱ እያየ ስለተቆጨ በ1950ዎቹ በራሱ ገንዘብ የአይኑ መገልገያዎችን መሰብሰብ ጀመረ። ዕቃው በዝቶ በ1972 ሙዚየም ተከፈተ፤ በ1992 ደግሞ የቢራቶሪ ከተማ ሰፋ ያለውን የኒቡታኒ አይኑ ባህል ሙዚየም ከፈተ። ካያኖ በ1994 የጃፓን ፓርላማ አባል ሆነ፤ ከአይኑ የመጀመሪያው ነው። በ2002 ከኒቡታኒና አካባቢው የተሰበሰቡ 1,121 ዕቃዎች በአገር ደረጃ ጥበቃ የሚደረግላቸው ቅርሶች ሆነው ተመዘገቡ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ብርሃን ሴሉሎስን ቀስ በቀስ ይበጣጥሳል፤ ለዚህ ነው ሙዚየሞች ጨርቅን በ50 ሉክስ አካባቢ፣ ማለትም በደብዛዛ ብርሃን የሚያሳዩት። እርጥበት ሲበዛ ሻጋታ ይመጣል፣ ሲያንስ ቃጫው ይደርቅና ይሰባበራል። ስለዚህ ጨርቁን ለማዳን መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ፣ እንዳይነካ መከልከል ያስፈልጋል። ሽመና የሚማር ሰው ግን ካልነካ አይማርም!

የኒቡታኒ መልስ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማድረግ ነው። አሮጌው ጨርቅ በጥንቃቄ ይቀመጣል። ሙዚየሙ አጠገብ በባህላዊው መንገድ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ባለሙያዎች ሲሸምኑና እንጨት ሲቀርጹ ይታያል። ሽመናው በጥቂት ሴቶች እጅ ስለቆየ ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ አልተበጠሰም፤ መስታወት ውስጥ ያለው ጨርቅ ደግሞ ለአዲሶቹ ሸማኔዎች የሚመዘኑበት ናሙና ሆነ። በ2013 የኒቡታኒ አቱሽ በጃፓን ሕግ «ባህላዊ የእደ ጥበብ ውጤት» ተብሎ ተመዘገበ። ከእንጨት ከሚቀረጸው የመንደሩ ትሪ ጋር፣ ይህን ዕውቅና በማግኘት ከሆካይዶ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ዕውቅናው ዋና ዋና ሥራዎቹ በእጅ እንዲሠሩ፣ ጥሬ ዕቃውም ከጥንቱ እንዳይለይ ይጠይቃል።

ዛፉ ከሌለስ?

ጥያቄው ያለው እዚህ ጋ ነው። ጨርቁ አለ፣ መሣሪያው አለ፣ እጁም አለ። ኦህዮ ዛፍ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ደኑ ለዘመናት ለእንጨት ተጨፍጭፏል፣ ዛፍ ደግሞ በአንድ ዓመት አያድግም። ለዚህ ነው በአካባቢው ለባህላዊ ሥራ የሚውሉ ዛፎችን የመትከል ሥራ የተጀመረው። ዛሬ የተተከለ ችግኝ ልጥ እስኪሰጥ ብዙ ዓመት መጠበቅ አለበት፤ የሚልጠው ምናልባት የተካዩ ልጅ ይሆናል።

ስለዚህ አንድን ሽመና ማዳን ጨርቅ ከማዳን ይሰፋል። ሰንሰለቱ ከደኑ ተነስቶ በእጁ አልፎ ገዢው ዘንድ ይደርሳል፤ አንዱ ቀለበት ከጎደለ ሌላው ብቻውን አይቆምም።

እኛስ?

የእኛ ሽመና ዛሬም ሕያው ነው። ግን በፋብሪካ የታተመ ጥለት ገበያ ውስጥ ገብቷል፣ ብዙ የሸማኔ ልጆችም ሌላ ሥራ ይመርጣሉ። ልዩነቱ፣ እኛ እጁ ገና በሕይወት እያለ መጀመር መቻላችን ነው።

ከቤታችሁ ጀምሩ። ጋቢ ወይም ነጠላ አውጡና በማስመሪያ 1 ሴንቲሜትር ለክታችሁ ድሩንና ማጉን ቁጠሩ። በስልካችሁ አቅርባችሁ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ማን እንደፈተለው፣ ማን እንደሸመነው፣ ጥጡ ከየት እንደመጣ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ጠይቁና ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉት። ሸማኔ ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ እያንዳንዱን የመሣሪያ ክፍል ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቁት፤ ስሙን በድምፅ ቅዱት። ሙዚየም ውስጥ ካለ ዕቃ ሥር የሚለጠፈው ጽሑፍ የሚነሳው ከእንደዚህ ዓይነት መረጃ ነው።