እምቢ ያለ ፔዳል፣ የተጣበቀ ኮርቻ

ተረት፦ የማይፈታ ፔዳል ዝጓል፤ ለዝገት መድኃኒቱ የኤሌክትሪክ መፍቻ ነው።

እውነታ፦ ብዙ ፔዳል እምቢ የሚለው ሳይዝግ ነው። ከውጭ ፊት ለፊት ሲታይ የቀኙ ፔዳል እንደ ተራ ብሎን ከሰዓት ቆጣሪ ዙር በተቃራኒ ይፈታል። የግራው ግን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚፈታው በሰዓት ቆጣሪ ዙር ነው። እንዲህ የተሠራው በጉዞ ላይ ራሱን እያላላ እንዳይወጣ ነው። አውሮፕላን ከማብረራቸው በፊት ብስክሌት ይሠሩ የነበሩት ራይት ወንድማማቾች በ1900 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነት ፔዳል ያስተዋውቁ ነበር። አቅጣጫውን የሳተ ሰው በእጅ ቁልፍ ቢታገል ክንዱ ደክሞት ይቆማል፤ ማሽን ግን አይደክመውም፣ እያጠበቀ ይቀጥላል። ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ፣ ክራንኩ፣ አሉሚኒየም ከሆነ የሚበላው የእሱ ጥርስ ነው፤ የብረቱ የፔዳል ዘንግ ምንም አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ አቅጣጫ፣ ቀጥሎ ሰርሳሪ ዘይትና አንድ ሌሊት፣ ከዚያ ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ።

ተረት፦ እሳት የማያላላው ነገር የለም።

እውነታ፦ ብዙ ፍሬም የሚበላሸው በዚህ እምነት ነው። ብረት ፍሬም ውስጥ የተጣበቀ የአሉሚኒየም የኮርቻ ቱቦን እንውሰድ። ሁለቱ ብረቶች እርጥበትና ጨው ሲያገናኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል፤ የሚፈጠረው ነጭ ዱቄትም ከአሉሚኒየሙ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ቱቦውን ቀስፎ ይይዘዋል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ ሁለቱን አብሮ ማሞቅ ቱቦውን ይበልጥ ያጠብቀዋል። እዚህ የሚረዳው ቱቦውን ማቀዝቀዝ ነው። የአሉሚኒየም ክራንክ ላይ የተጣበቀ የብረት ፔዳል ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሙቀቱ ያግዛል። ፍሬሙ ካርቦን ከሆነ ግን እሳት ጨርሶ አይቅረብ፤ ክሩን የያዘው ሙጫ ይበላሻል።

ተረት፦ የተጣበቀውን በግራይንደር ለመቁረጥ ቦታው ከጠበበ የዲስኩን መከላከያ ማውለቅ ችግር የለውም።

እውነታ፦ 115 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የመቁረጫ ዲስክ በደቂቃ እስከ 13,300 ዙር ይፈቀድለታል። በዚያ ፍጥነት የተሰበረ ቁራጭ ዓይን ሳይርገበገብ ይደርሳል። ከነመከላከያው የማይገባበት ቦታ የግራይንደር ቦታ አይደለም።

የተጣበቀውን የኮርቻ ቱቦ ለማውጣት ሌላው ሁሉ ካልሠራ ግራይንደሩ የሚቆርጠው ከፍሬሙ በላይ የወጣውን ቱቦ ብቻ ነው፤ ለመያዣ ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ይተርፍ። ውስጥ የቀረውን በብረት መጋዝ ምላጭ በቁመቱ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ መሰንጠቅ፣ ፍሬሙ ሳይነካ ማቆም፣ ከዚያ በፒንሳ ወደ ውስጥ እያጠፉ ማውጣት። አዲሱ ቱቦ ግሪስ ሳይቀባ እንዳይገባ።