በዳነ ሰው ደም ውስጥ የምትቀር መስመር

ከጣራ ገዳም ግርጌ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ የሚኖር ገበሬ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ካላዛር ይዞት ተመለሰ። የ17 ቀኑን መርፌ ጨረሰ፣ ያበጠው ጣፊያው ሟሸሸ፣ ክብደቱም ተመልሶ ወደ እርሻው ገባ። በዓመቱ ትኩሳት ሲነሳበት የሄደበት ጤና ተቋም ፀረ እንግዳ አካልን በሚለየው አርኬ 39 ኪት መረመረው፤ መስመሯ ወጣች። «አገርሽቶብሃል» ተብሎ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት እንደገና ተጀመረለት። እኛ ላቦራቶሪ የደረሰው መድኃኒቱ የልብ ምቱን ካዛባው በኋላ ነው። ከጣቱ በተወሰደው ደም ውስጥ ያየነው ወባ ነበር፤ ካላዛርን የሚያመጣው የሊሽማንያ ተዋህሲ ግን በመቅኔ ናሙናው ውስጥ አንድም አልነበረም። ሰውየው ተርፏል። እኔን እረፍት የነሳኝ ያ ውሳኔ የተነሳበት እምነት ነው፤ እሱ ዛሬም በየቦታው ያጋጥመኛልና።

እምነቱ ይህ ነው፦ ፀረ እንግዳ አካል ከተገኘ ወይ በሽታው አለ፣ ወይ መከላከያው አለ። ከተማሪዎች ሰምቼዋለሁ፣ በሥልጠና ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ከማከብራቸው ባልደረቦቼም ሰምቼዋለሁ። በካላዛር ላይ ሁለቱም አይሠራም። ፀረ እንግዳ አካሉ ታካሚው ከዳነ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደሙ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ኪቱ ሰውየው ተዋህሲውን አንድ ጊዜ ማግኘቱን እንጂ ዛሬ መታመሙን አይነግረንም። መከላከያ ነው የሚለው ደግሞ ይብሳል፤ ካላዛር የጸናበት ሰው ደም አብዛኛውን ጊዜ በፀረ እንግዳ አካል የተጥለቀለቀ ነውና። ታካሚውን ግን አላዳነውም።

ለምን? ሊሽማንያ የሚኖረው ባዕድ ነገርን በሚውጠው ማክሮፌጅ የተባለ የመከላከያ ሴል ውስጥ፣ ያውም ማክሮፌጁ የዋጠውን በሚፈጭበት ከረጢት ውስጥ ነው። ፀረ እንግዳ አካል እዚያ አይገባም። እንዲያውም በአይጥ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ፀረ እንግዳ አካል የለበሰ ተዋህሲ ማክሮፌጁን ኢንተርሉኪን 10 እንዲያመነጭ እንደሚገፋፋውና ይህም ለተዋህሲው እንደሚጠቅም አሳይተዋል። ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ሊገድል የሚችለው ማክሮፌጁ ራሱ ነው፤ ትእዛዙ ግን ከቲ ሴል መምጣት አለበት።

ቲ ሴል ደግሞ ሙሉ ተዋህሲ አያይም። የሚያየው ተቆራርጦ፣ ኤምኤችሲ በተባለው ማሳያ ሞለኪውል ላይ ተቀምጦ፣ በሴሉ ገጽ ላይ የወጣውን የፕሮቲን ቁራጭ ብቻ ነው። ሮልፍ ዚንከርናጌልና ፒተር ዶኸርቲ ቲ ሴል ባዕዱን የሚለየው ከራስ ኤምኤችሲ ጋር ተጣምሮ ሲቀርብለት ብቻ መሆኑን ካንቤራ ላይ ያሳዩት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1996 ኖቤል ተሸልመውበታል። ዴንድሪቲክ ሴል ቁራጩን ንፍፊት ድረስ ወስዶ ያሳያል፤ የሠለጠነው ሲዲ ፎር ቲ ሴል ተመልሶ ያንኑ ቁራጭ በማክሮፌጁ ገጽ ላይ ሲያገኝ ኢንተርፌሮን ጋማ ይረጫል፤ ማክሮፌጁም ናይትሪክ ኦክሳይድ ሠርቶ እንግዳውን ያጠፋል። የሊሽማንያ ብልጠት ይህን ሰንሰለት መበጠሱ ላይ ነው። በተበከለው ማክሮፌጅ ገጽ ላይ የሚቀርበው ቁራጭ ያንሳል፣ ማክሮፌጁም ለትእዛዙ ይደነዝዛል። ጸጥታ ያስከብራል የተባለው ዘበኛ ሌባውን በጓዳው አሳድሮ በሩን እንደዘጋ ቁጠሩት።

ማስረጃው በታካሚው ቆዳ ላይ ይታያል። የቲ ሴልን ምላሽ የሚለካው የሊሽማኒን የቆዳ ምርመራ በሽታው በጸናበት ወቅት ነጌቲቭ ነው፤ ወደ ፖዘቲቭ የሚዞረው ብዙውን ጊዜ ከዳነ በኋላ ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ ሞልቶ ሳለ የጎደለው ይህ ነበር።

አካባቢያችን የተሳሳተ ምርመራም ሆነ የቲ ሴል መጉደል የሚያስከፍለውን በመራራ መንገድ ተምሯል። ሊቦ ከምከም ላይ ሰው የሚያልቅበት ትኩሳት መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ ካላዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው። ወረርሽኙ ሊቦ ከምከምንና ፎገራን፣ ሁለት ወረዳዎችን አዳረሰ። በአካባቢው በነበረው ብቸኛ የሕክምና ማዕከል ከታከሙት 4 በመቶው ሞቱ፤ ኤች አይ ቪ፣ ሳንባ ነቀርሳና ከባድ የምግብ እጥረት ሞትን ካባባሱት መካከል ነበሩ። ኤች አይ ቪ የሚያሳጣን ትእዛዝ ሰጪውን ሲዲ ፎር ነው። መርፌው ተዋህሲውን ያሳንሳል፤ የቀረውን ጠራርጎ የሚያወጣ ሳይኖር ሲቀር ግን በሽታው ይመላለሳል። ኤች አይ ቪ ባለባቸው ታካሚዎች ላይ ኪቱ እውነተኛ በሽታ እያለም ነጌቲቭ ሊል ይችላል። አንዱ የዳነ ሆኖ ፖዘቲቭ፣ ሌላው የታመመ ሆኖ ነጌቲቭ!

እንግዲህ ባልደረቦቼ፣ ኪቱን አልጠላውም፤ አዲስ ታካሚን ለመለየት ጥሩ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ከፎገራም ይምጣ ከሊቦ፣ ትኩሳት ያለበትን ሰው ከመውጋታችሁ በፊት «ከዚህ ቀደም ለካላዛር ታክመሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። አዎ ካለ ኪቱ አይፈርድለትም፤ የወባ ደም ይታይ፣ ካላዛር ከተጠረጠረም የጣፊያ ወይም የመቅኔ ናሙና ይወሰድ፣ ይህን መሥራት ካልቻላችሁ ወደሚችል ተቋም ላኩት። የኤች አይ ቪ ምርመራውም አይታለፍ። መምህራንም የኤምኤችሲን ምዕራፍ ለፈተና ብቻ አታስተምሩት፤ ልብን የሚጎዳ መርፌ ለማን እንደሚገባ የሚወሰነው በዚያ ምዕራፍ ነው።